አፉን የከፈተላችሁን ሰው ጥርሱን ብቻ አትዩለት

ልጆቼ፣

መካር የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ ይባላል። የንጉሥ እንዲህ ከሆነ፣ ነጭ ጋዋን ለብሶ በሰው አፍ ላይ የሚያጎነብስ ወጣት ሐኪምማ ምን ያህል ምክር ያስፈልገው! እናንተ የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች ዛሬ ወይ ነገ ክሊኒክ ትገባላችሁ። ጥርስ መሙላቱን፣ መንቀሉን፣ የጥርስ ሥር ማከሙን መምህራኖቻችሁ ያስተምሯችኋል፤ እዚያ ላይ አልገባም። በዚህ ሙያ ፀጉሬን ያሸበትኩ ሰው ነኝና ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር አደራ እላችኋለሁ፦ የታካሚያችሁን አፍ ሙሉውን እዩ። የአፍ ካንሰር ገና የምስር ፍሬ በምታህልበት ጊዜ ልታገኟት የምትችሉት እናንተ ናችሁና።

ይህ ነቀርሳ የሩቅ አገር በሽታ አይምሰላችሁ። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ግምት እንደሚያሳየው እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በዓለም ላይ ከ370 ሺህ በላይ ሰዎች በከንፈርና በአፍ ካንሰር ተይዘዋል፤ ከ170 ሺህ በላይ ደግሞ በዚሁ ሞተዋል። እኔን ከቁጥሩም በላይ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነገር ነው። ቆሽት ወይም ሳንባ ውስጥ የተሸሸገን ካንሰር ለማግኘት ማሽን ያስፈልጋል። የአፍ ካንሰር ግን ከ10ሩ 9ኙ ገደማ የሚነሣው ከአፍ የላይኛው ሽፋን ስለሆነ መብራትና ዓይን ይበቃዋል። ታዲያ በዓይን የሚታይ በሽታ ስለምን ዘግይቶ ይገኛል? ሲጀምር አያምም። ሰው ደግሞ ካላመመው ሐኪም ቤት አይሄድም። ሄዶም ቢሆን ሐኪሙ የሚያየው ያመመውን ጥርስ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ የምላሱን ሥርና የላንቃውን ጥግ ራሱ አይቶ የሚያውቅ ሰው የለም። ባለቤቱ የማያየውን የሚያይለት እናንተ ካልሆናችሁ ማንም የለውም።

የመዘግየቱ ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ላስረዳችሁ። በአሜሪካ የካንሰር መዝገብ መሠረት የአፍና የጉሮሮ ካንሰር ከተነሣበት ቦታ ሳይወጣ ከተገኘ፣ ከ100 ታማሚዎች ከ80 በላይ የሚሆኑት አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራሉ። ወደ ሩቅ የሰውነት ክፍል ከተሠራጨ በኋላ ከተገኘ ግን ያ ቁጥር ወደ 40 ገደማ ይወርዳል። ይህ ሕክምናው በተሟላበት አገር ነው። ሌላም ልብ በሉ፦ በሽታው የአንገት ንፍፊት ውስጥ አንዴ ከገባ በሕይወት የመቆየት ዕድሉ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ያኔ ሐኪሙም፣ ዘመዱም፣ ታማሚውም ይሯሯጣል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ሁለት ሴንቲ ሜትር ሳይሞላ የተገኘ ዕባጭ ብዙ ጊዜ በአንድ ቀዶ ሕክምና ይነሣል፤ ሰውየው ይበላል፣ ይናገራል፣ ከልጆቹ ጋር ይስቃል። ዘግይቶ የተገኘው ግን መንጋጋ ያስቆርጣል፣ ምላስ ያሳጣል። የሰው ፊት ማለት ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አይነገርም።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ከመካከላችሁ ስለ አፍ ካንሰር ያልሰማ የለም። በብዙ አገሮች የጥርስ ሕክምና ተማሪዎችን እየጠየቁ የተሠሩ ጥናቶች ሲነበቡ አንድ ዓይነት ነገር ደጋግሞ ይመጣል። ትንባሆ አደገኛ መሆኑን የማያውቅ ተማሪ እምብዛም አይገኝም። አልኮልን የሚጠቅሰው ቁጥር ያንሳል። ጥያቄው ከመጽሐፍ ወጥቶ ወደ እጅ ሲመጣ፣ ማለትም አፍና አንገት መመርመር፣ የሚያጠራጥረውን መለየት፣ ናሙና መውሰድ ላይ ሲደርስ፣ ብዙዎቹ «በቂ ሥልጠና አላገኘንም» ይላሉ። ይህን ስሰማ አልፈርድባቸውም። በብዙ ትምህርት ቤት ተማሪው የሞላውና የነቀለው ጥርስ ይቆጠርለታል፤ የመረመረው አፍ ግን አይቆጠርለትም። የሚቆጠረውን ነው ሰው የሚሠራው። እኔ ግን እላችኋለሁ፦ በፈተና ወረቀት ላይ አሥር ምልክት ዘርዝሮ የጻፈ፣ የሰው ምላስ በጎዝ ይዞ ጎኑን አይቶ የማያውቅ ተማሪ፣ ስለ አፍ ካንሰር ያውቃል ሊባል አይገባውም። ከመጠምጠም መማር ይቅደም።

እንግዲህ እንዴት እንደሚታይ ልንገራችሁ፤ መጽሐፉ ላይ አለ ብላችሁ አትለፉት።

ታካሚው ገና በር ላይ ሳለ ጀምሩ። አንዱ ጉንጩ ከሌላው አብጦ እንደሆነ፣ ድምፁ ተለውጦ እንደሆነ፣ ከንፈሩ ወደ አንድ ወገን አዘንብሎ እንደሆነ ተመልከቱ። ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ከኋላው ቁሙና አንገቱን በሁለት እጃችሁ ዳስሱት፤ ከጆሮው ሥር ተነሥታችሁ፣ በመንጋጋው ሥር አልፋችሁ፣ እስከ ትከሻው መነሻ ድረስ። ጣታችሁ ንፍፊት ቢያገኝ ጠይቁት። የሚያምና ወዲያ ወዲህ የሚል ከሆነ ብዙ ጊዜ የብግነት ነው። ጠንካራ፣ የማያምም፣ ከሥሩ ተጣብቆ አልነቃነቅ ያለ ከሆነ ግን አፉ ውስጥ ምክንያቱን ሳታገኙ አትልቀቁት።

ሰው ሠራሽ ጥርስ ካለው አስወልቁት። ሥሩ ያለውን ማየት የሚቻለው ያኔ ነው። ከንፈሩን ከላይም ከታችም ገልብጡ። ጉንጩን በመስታወት ወደ ውጭ ሳቡና እስከ መጨረሻው መንጋጋ ጥርስ ድረስ፣ ከእሱም ጀርባ ያለውን ጥግ እዩ። ድዱን በውጭም በውስጥም ዙሩት። «አ» በሉ ብላችሁ ላንቃውን፣ እንጥሉንና ግራና ቀኝ ያሉትን ቶንሲሎች አብሩባቸው። ከዚያ ምላስ ይውጣ። ጫፉን በጎዝ ያዙት፤ በጓንት ብቻ ከሆነ ያዳልጣችኋል። ወደ ቀኝ ስባችሁ የግራ ጎኑን፣ ወደ ግራ ስባችሁ የቀኝ ጎኑን እስከ ሥሩ እዩ። እዚያ ከኋላ በኩል ጎኑ ላይ የተደረደሩ ሽንሽን የመሰሉ እጥፋቶች ታገኛላችሁ፤ የተፈጥሮ ናቸው፣ አትደንግጡ። ግን ሁለቱን ጎን አስተያዩ። በአንዱ በኩል ያለው በሌላው ከሌለ ያኔ ቆም በሉ። በመጨረሻ ምላሱን ወደ ላንቃው እንዲያነሣ ንገሩትና ከሥሩ ያለውን ወለል ተመልከቱ፤ አንድ ጣታችሁን ከውስጥ፣ ሌላውን እጃችሁን ከአገጩ ሥር አድርጋችሁ በመካከል ያለውን ሥጋ ዳስሱ። ዓይን ያላየውን ጥጥር ጣት የሚያገኝበት ጊዜ አለ።

የምላስን ጎንና ከምላስ ሥር ያለውን ወለል ደጋግሜ ያነሣሁት ያለ ነገር አይደለም። እዚያ ያለው ሽፋን ስስ ነው፤ ጢስና አልኮል የተቀላቀለበት ምራቅም ተጠራቅሞ የሚተኛው እዚያው ነው። ስለዚህ ነቀርሳው ከሌላው ቦታ ይልቅ እነዚህን ይመርጣል። ተማሪ ሲቸኩል የሚዘልላቸውም እነዚህኑ ነው፤ ምላስ መያዝ ስለሚከብደውና ታካሚውን እንዳያስመልሰው ስለሚፈራ። ይህ ሁሉ ከለመዳችሁት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ በሩጫ የተመረመረ አፍም እንዳልተመረመረ ነው።

የምትፈልጉት ምንድን ነው? መጀመሪያ የማይድን ቁስል። የአፍ ሽፋን ቶሎ ቶሎ የሚታደስ ነው። ስለዚህ የተሰበረ ጥርስ ጠርዝ ወይም ልኩን ያልጠበቀ ሰው ሠራሽ ጥርስ ያቆሰለው ቦታ፣ ምክንያቱ ሲወገድ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይድናል። የሁለት ሳምንት ደንብ የሚባለው ከዚህ የመጣ ነው። ጠርዙን ሞርዱ፣ ቀጠሮ ስጡ፣ በ14ኛው ቀን ተመልሶ እንዲመጣ አድርጉ። ከዳነ እሰየው። ካልዳነ ሌላ ሁለት ሳምንት፣ ሌላ ቅባት፣ ሌላ አንቲባዮቲክ የለም። ናሙና ይወሰዳል ወይም ወደሚወስድ ሰው ይላካል። ዝም አይነቅዝም የሚለው ተረት ለነገረኛ ሰው ይሠራ ይሆናል፤ ዝም ያላችሁት የአፍ ቁስል ግን ይነቅዛል።

ነጭ ሽፍታ ካያችሁ በጎዝ ጥረጉት። ተጠርጎ ከሥሩ ቀይ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የፈንገስ ነው፤ ይታከማል። አልጠረግ ካለና የሚያስረዳው ሌላ ምክንያት ከሌለ ሉኮፕላኪያ ሊሆን ይችላልና መርምሩት። ቀዩ ደግሞ ከነጩ ይብሳል። ለስላሳ፣ እንደ ከፋይ ያለ፣ የማያምም ቀይ ምልክት ተማሪ «ትንሽ ተቆጥቶ ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ ግን እንዲህ ያለው ኤሪትሮፕላኪያ በናሙና ሲታይ አብዛኛውን ጊዜ ወይ ወደ ካንሰር ማምራት የጀመረ ነው፣ ወይ ካንሰሩ ራሱ ነው። ነጭና ቀይ የተቀላቀለበትም እንዲሁ ያስፈራል። ያለ ምክንያት የሚነቃነቅ ጥርስ፣ ከተነቀለ በኋላ ጉድጓዱ አልድን ብሎ ሥጋ የሚወጣበት ቦታ፣ ሳይመታ የደነዘዘ ከንፈር፣ ጆሮው ጤነኛ ሆኖ ሳለ በአንድ ወገን ብቻ የሚወጋ የጆሮ ሕመም፣ ለዓመታት ተስማምቶ ኖሮ በድንገት አልገጥም ያለ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ እነዚህን ሁሉ ያልጠረጠረ ተመነጠረ። እዚህ ላይ ግን የሚመነጠረው ታካሚው ነው።

በተለይ ስለሚነቃነቀው ጥርስ አንድ ነገር ልበል። ሰው ከገጠር ይመጣል፤ «ጥርሴ ወላለቀብኝ፣ ንቀሉልኝ» ይላል። ወጣቱ ሐኪም ይነቅላል። ጉድጓዱ አይድንም። መድኃኒት ይሰጠዋል። ከወር በኋላ ሌላ ክሊኒክ ጎረቤቱን ጥርስ ይነቅሉለታል። ሦስተኛው ሐኪም ዘንድ ሲደርስ መንጋጋው አብጦ፣ ከንፈሩ ደንዝዞ፣ አንገቱ ላይ ንፍፊት ወጥቶ ነው። ያን ሰው ያዩት ሐኪሞች ሁሉ ጥርስ መንቀል የሚችሉ ናቸው። አንዳቸው ቢሆኑ «ሌሎቹ ጥርሶች ጸንተው ሳለ ይህ ብቻውን ለምን ተነቃነቀ?» ብለው ቢጠይቁ ኖሮ ወራት ይተርፉለት ነበር። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ የሚባለው ለዚህ ነው።

የአገራችሁንም አፍ እወቁ። የምታነቡት መጽሐፍ አብዛኛው የተጻፈው የሌላ ሕዝብ አፍ እየታየ ነው። የእኛ ሰው ድድ በተፈጥሮው ጠቆር ያለ ምልክት አለው፤ ከሰሜን የሚመጡ እናቶች ደግሞ ድዳቸውን ተነቅሰው ታገኟቸዋላችሁ። ይህ በሽታ አይደለም፤ እናቲቱን አታስደንግጧት። ነገር ግን በቅርብ የወጣ፣ ዳርቻው ያልተስተካከለ፣ እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር ምልክት፣ በተለይ ላንቃ ወይም የላይኛው ድድ ላይ ከሆነ፣ ሜላኖማ እንዳይሆን ናሙና ይወሰድለት። ኤችአይቪ በደሙ ያለ ሰው ላንቃው ላይ ወይን ጠጅ መልክ ያለው ምልክት ካያችሁ ካፖሲ ሳርኮማ የሚባለውን አስቡ። በደጋው ፀሐይ ሜዳ ላይ የሚውል ገበሬ፣ ይልቁንም ቆዳው ቀለም የሌለው አልቢኖ ወገናችን፣ የታችኛው ከንፈሩ ደርቆ፣ ተሰነጣጥቆ አልድን ካለ ነፋስ መታው ብላችሁ አትሸኙት።

ጥያቄ አጠያየቃችሁም ትምህርት ይፈልጋል። አንድን አዛውንት «ይጠጣሉ?» ብትሏቸው «ኧረ በፍጹም!» ይሏችኋል። «አባባ፣ አረቄ ሲቀርብልዎ ስንት መለኪያ ይበቃዎታል? በሳምንት ስንት ቀን?» ብትሏቸው ግን ፈገግ ብለው ይነግሯችኋል። እማማንም «ሱረት ይወስዳሉ?» ብላችሁ በአክብሮት ጠይቁ፤ ሴት ናትና አትወስድም ብላችሁ አትዝለሉ። ወጣቱን «ጫት ትቅማለህ?» ከማለት ይልቅ «በየትኛው ጉንጭህ ነው የምትይዘው?» በሉትና ያንን ጉንጭ ደህና አድርጋችሁ እዩ። ለሰዓታት ቅጠል በሚታቀፍበት ጉንጭ ላይ ሽፋኑ ነጣ ብሎ ይወፍራል። ጫት ብቻውን ካንሰር ያመጣል ወይ በሚለው ላይ የሳይንሱ ክርክር አላለቀም፤ ከጫቱ ጋር የሚጨሰው ሲጋራና ሺሻ፣ ለምርቃና ማብረጃ የሚጠጣው መጠጥ ግን ምንም ክርክር የለበትም። ትንባሆና አልኮል አንድ ላይ ሲሆኑ ጉዳታቸው ተደማሪ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ እርስ በርስ ይባዛል። አልኮሉ ሽፋኑን ያሳሳል፣ የትንባሆው መርዝም በዚያው ዘልቆ ይገባል።

ሕጉም ከእናንተ ጋር ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በተዘጉ የሕዝብ ቦታዎች ማጨስን፣ ዕድሜው ከ21 በታች ለሆነ ሰው ትንባሆ መሸጥን ከልክሏል። በሬዲዮና በቴሌቪዥን የአልኮል ማስታወቂያንም አስቀርቷል። አዋጅ ግን ወንበር ላይ የተቀመጠውን ሰው በስሙ ጠርቶ «ይህን ብትተው አፍህ ይተርፋል» ሊለው አይችልም፤ እናንተ ትችላላችሁ። ከቶንሲልና ከምላስ የኋላ ሥር የሚነሣውን ካንሰር በተመለከተ ደግሞ ኤችፒቪ የሚባለው ቫይረስ፣ በተለይ 16ኛው ዓይነት፣ ከዋና ተጠያቂዎቹ አንዱ ሆኗል። አገራችን ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለልጃገረዶች የማኅፀን በር ካንሰርን ለመከላከል የምትሰጠው ክትባት ይህንኑ ቫይረስ ይከላከላል። እናት ስትጠይቃችሁ ይህን አውቃችሁ መልሱላት። ደግሞም ሳይጠጣና ሳያጨስ የሚያዝ ሰው አለና «ይህ ልጅ እግር ነው፣ ሱስ የለበትም» ብላችሁ ምርመራውን አታሳጥሩ።

ታካሚው ዘግይቶ ቢመጣ አትቆጡት። አፉ ላይ ቁስል ሲወጣ መጀመሪያ «ምች ነው» ይላል፤ ዳማ ከሴ ያሻል። ከዚያ ፀበል ይሄዳል። ፀበሉን አትንቀፉበት፤ «ፀበልዎንም ይጠመቁ፣ ይህንንም ምርመራ ያድርጉ» በሉት። ይህን ያህል ክብር ያልሰጣችሁት ሰው ዳግመኛ አይመጣላችሁም። «ብረት ከነካው ይዛመታል» የሚል ፍርሃትም አለ፤ ይህን በትዕግሥት አስረዱት፦ የሚያዛምተው መዘግየቱ ነው፤ ናሙና የሚወሰደው በሽታውን አውቆ ለማዳን ነው። መዘግየት የተማረውንም፣ ኃያሉንም አይለይም። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት ጄኔራል ዩሊሲስ ግራንት፣ ሲጋር ከአፋቸው የማይለይ ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ1884 አጋማሽ ኮክ ሲገምጡ ጉሮሯቸው ክፉኛ ቆሰቆሳቸው። ሐኪማቸው ወደ አውሮፓ ሄዶ ነበርና እስኪመለስ እያሉ ወራት አሳለፉ። የጉሮሮ ስፔሻሊስት ያያቸው በጥቅምት ነው። በቀጣዩ ዓመት ሐምሌ ላይ ሞቱ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

ናሙና ስትወስዱ ወይም ስታስወስዱ፣ የሞተውን የቁስሉን መካከል ትታችሁ ከዳርቻው፣ በሽታውና ጤነኛው ከሚገናኙበት ይሁን። የወሰዳችሁትን ወዲያው 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ ክተቱት፤ ውሃ ውስጥ ከቆየ ይበላሻል፣ ፓቶሎጂስቱም ምንም ሊያነብበት አይችልም። ጠርሙሱ ላይ ስም፣ ቀንና የተወሰደበት ቦታ ይጻፍ። «ከአፍ የተወሰደ» ብሎ መጻፍ ምንም አይጠቅም፤ «ከምላስ ግራ ጎን፣ ከወር ከግማሽ ጀምሮ፣ ትንባሆ ያኝካሉ» ብላችሁ ጻፉ። የሚያጠራጥረውን ነገር «ላጽዳው» ብላችሁ ሙሉ በሙሉ ቆርጣችሁ አታውጡ፤ በኋላ የሚያክመው ቀዶ ሐኪም ዳርቻው የት እንደነበር ያጣዋል። የሚያጠራጥረውን ቦታ ስለሚለይ ቀለም መቀቢያና ስለ ልዩ ብርሃን መሣሪያም ትሰማላችሁ። አስፈላጊ በሆነበት ይረዱ ይሆናል፤ የናሙናን ቦታ ግን አንዳቸውም አይተኩም።

«መሣሪያ የለንም» የሚል ምክንያት ሲቀርብልኝ በደቡብ ሕንድ ኬረላ የተሠራውን አስባለሁ። እ.ኤ.አ. በ1996 በተጀመረው በዚያ ጥናት፣ ሐኪም ያልሆኑ፣ ግን በሚገባ የሠለጠኑ የጤና ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ የሰዎችን አፍ በመብራት አዩ። አፋቸው የታየላቸውና ለማነጻጸሪያ ያልታየላቸው ወገኖች ሲደመሩ ጥናቱ ከ190 ሺህ በላይ ሰዎችን የያዘ ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ላንሴት መጽሔት ላይ ሲወጣ፣ ትንባሆ ወይም አልኮል ከሚጠቀሙት መካከል አፋቸው በታየላቸው ሰዎች ላይ፣ ካልታየላቸው ይልቅ፣ በአፍ ካንሰር የመሞት መጠን በ34 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ዋናው መሣሪያ የሠለጠነ ዓይን ነበር። የስድስት ዓመት ትምህርት ያላችሁ እናንተ ከዚያ ታንሳላችሁን?

አገራችን ውስጥ መዘግየት ከሌላው አገር ይበልጥ ይገድላል። ለብዙ ዓመታት በመላው ኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና ይገኝ የነበረው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። አሁን ሌሎች ማዕከላት እየተከፈቱ ነው፤ ያም ሆኖ ወረፋው ረጅም፣ መንገዱ ሩቅ ነው። ትንሽ ሆና የተገኘች ዕባጭ በቀዶ ሕክምና ብቻ ልታበቃ ትችላለችና ከዚያ ወረፋ ሰውን ማዳን ትችላላችሁ። ሳይቃጠል በቅጠል። የሪፈር ወረቀት ሰጥታችሁ እጃችሁን አትታጠቡ። የታካሚውንና የአንድ ዘመዱን ስልክ ካርዱ ላይ ጻፉ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደውሉና «ደረሱ ወይ? ታዩ ወይ?» በሉ። ከገጠር መጥቶ አዲስ አበባ የማን ቤት እንደሚያርፍ የማያውቅ ሰው ወረቀቱን ይዞ ወደ ቀዬው እንደሚመለስ አስቡ።

ስለ እውነት መናገርም ትንሽ ልጨምር። ናሙናው ሳይመለስ «ካንሰር ነው» አትበሉ፤ «ምንም አይደል» ብላችሁም አታታልሉ። «ይህ ቁስል መዳን ሲገባው አልዳነም፤ ምን እንደሆነ ለማወቅ ትንሽ ቁራጭ ወስደን እናስመርምር» ማለት ይበቃል። ውጤቱ ሲመጣ ለዘመድ ብቻ ነግሮ ለታማሚው መደበቅ በእኛ ዘንድ የተለመደ ነው፤ ደግነት ይመስላል። የሥነ ልቦናው ሊቅ ሲግመንድ ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1923 የላንቃቸው ዕባጭ ካንሰር መሆኑን ሐኪሞቻቸው መጀመሪያ ደብቀዋቸው ነበር፤ በኋላ ሲያውቁ እጅግ ተቆጡ። እ.ኤ.አ. በ1939 ለንደን ውስጥ እስኪሞቱ ድረስ ከ30 ጊዜ በላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸዋል። ሕመሙን የሚሸከመው ሰው የማወቅ መብት አለው። አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ፣ ዘመዱ በተገኘበት፣ በቀስታ ንገሩት፤ ነግራችሁትም ቶሎ አትነሡ።

መምህራኖቻችሁ ይህን ቢያነቡ አንድ ነገር እለምናቸዋለሁ። ተማሪው የሞላውን ጥርስ እንደምትቆጥሩለት ሁሉ የመረመረውን አፍና አንገትም ቁጠሩለት። ሲያልፈው አይታችሁ፣ እጁን ይዛችሁ፣ ንፍፊት እንዴት እንደሚዳሰስ አሳዩት። ሥራን ለሠሪው፣ እሾህን ላጣሪው ብሎ ይህን ሁሉ ለቀዶ ሐኪሙ መተው አይሆንም፤ ቀዶ ሐኪሙ የሚያየው እናንተ ያገኛችሁለትን ነው።

እናንተም፣ ልጆቼ፣ መምህር እስኪያዝዛችሁ አትጠብቁ። ነገ ጠዋት የመጀመሪያው ታካሚያችሁ ጥርሱን ሊያስሞላ የመጣ ጤነኛ ወጣት ቢሆንም አንገቱን ዳስሱለት፣ ምላሱን በጎዝ ይዛችሁ ሁለቱንም ጎን እዩለት። ያያችሁትን ካርዱ ላይ ጻፉ፤ ምንም ካላያችሁም «ታየ፣ ጤነኛ ነው» ብላችሁ ጻፉ፤ ከዓመት በኋላ የሚያየው ሐኪም ለማስተያያ ይጠቅመዋል። የሚያጠራጥር ነገር ካገኛችሁ ደግሞ ቀጠሮውን ከ14 ቀን አታሳልፉት።